የልጆችን መኝታ በእጅ ሥራ ማስዋብ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የልጅ መኝታ ማስዋብ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ከሱቅ ወደሚገዛ ተለጣፊ ሥዕል፣ ወደ ፕላስቲክ አበባና ወደ ባለ ቀለም መብራት ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ግን ቤታቸው ባለው ጨርቅ፣ ክር፣ ስንደዶና ወረቀት የልጃቸውን ማደሪያ ማሳመር የሚፈልጉ ወላጆች የሚያነሷቸው ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው አየራቸው አይገናኝም። በመልሶቹ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ከተሞች ለይተን የምንናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስዋቡን ከየት እንጀምር?

ከልጁ ቁመት ይጀምሩ። የአራት ዓመት ልጅ አንድ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ዐይኑ ከወለል 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዋቂ ሰው በራሱ ዐይን ልክ የሰቀለው ጌጥ ለእንግዳ ይታይ እንደሆነ እንጂ ለልጁ አይታይም። ስለዚህ ሚስማር ከመምታትዎ በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ቀጥሎም አልጋው ላይ ጋደም ብለው ልጁ ከመተኛቱ በፊት የመጨረሻ የሚያየው የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ያረጋግጡ። ሊያጌጥ የሚገባው በቅድሚያ ያ ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ምክራችን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ እንዲመርጡ ነው። ይህ የአልጋ ልብስ፣ ምንጣፍ ወይም የግድግዳ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቀለሞች ይዘው የቀሩትን ትንንሽ ነገሮች በእነዚሁ ቀለሞች ቢሠሩ ክፍሉ ይሰበሰባል። በየግድግዳው ላይ የተበታተኑ ብዙ ትንንሽ ጌጦች ግን ክፍሉን ያጠቡታል፤ አቧራም ያጠራቅማሉ። ልጁ መናገር ከጀመረ ደግሞ ምርጫውን መጠየቅ ተገቢ ነው። «ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጋለህ?» ብሎ ሁሉንም ክፍት ከመተው ይልቅ ሁለት ክሮች አውጥቶ «ከእነዚህ የትኛው ይሻልሃል?» ማለት ለልጁ ይቀለዋል፤ ወላጅም የማይፈጽመውን ቃል ከመግባት ይድናል።

ለልጃችን የተለየ ክፍል የለንም። ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ምን ማድረግ እንችላለን?

በሁለቱም ከተሞች ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ቦታ የምንሰጠውም ስለዚህ ነው። ልጅ የሚፈልገው አራት ግድግዳ ሳይሆን «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ቦታ ነው። አልጋው ወይም ፍራሹ ያለበት ጥግ፣ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ ቢሆን እንኳ፣ በአቡጀዲ መጋረጃ ሊለይ ይችላል። አቡጀዲ ስስና ነጭ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥግዋንም አያጨልማትም። ከታች በኩል፣ ልጁ በሚደርስበት ከፍታ፣ ኪስ ኪስ አድርገው ቢሰፉበት መጋረጃው መደርደሪያም ይሆናል፤ መጽሐፉ፣ እርሳሱ፣ የጨርቅ አሻንጉሊቱ እዚያው ይገባሉ። ኪሶቹን በተለያየ ቀለም ጨርቅ መሥራትና በእያንዳንዱ ላይ የሚገባበትን ነገር ሥዕል መጥለፍ ልጁ ዕቃውን ራሱ እንዲሰበስብ ያለማምደዋል። መጋረጃው ከወለል አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል አየር ይዘዋወራል፤ ጠርዙም ቶሎ አይቆሽሽም።

ምሽት ላይ እንግዳ ሲመጣ የልጁ ጥግ የኮት መስቀያ ወይም የዕቃ ማከማቻ እንዳይሆን መጠበቅ የወላጅ ኃላፊነት ነው። ቦታው የእርሱ መሆኑ በዚህ እንጂ በጌጡ ብዛት አይታወቅም።

የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ አከራያችን ሚስማር እንድንመታ አይፈቅዱልንም። ታዲያ እንዴት እንስቀል?

የመጋረጃው ብረት ቀድሞውኑ የተተከለ ስለሆነ ቀላል ነገሮችን ከእርሱ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው ግን ግድግዳውን ጨርሶ አለመንካት ነው፦ ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ ዘንጎችን ልጠው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከአልጋው ራስጌ ሁለት እግሮች ጋር በጠንካራ ገመድ ቢያስሩና በመካከላቸው ሦስተኛ ዘንግ አግድም ቢያስሩ መስቀያው የአልጋው አካል ይሆናል፤ ቤት ሲለቁም ይዘውት ይሄዳሉ። ዘንጎቹ እንዳይወዛወዙ ቢያንስ በሁለት ቦታ መታሰር አለባቸው፤ የሚሰቀልባቸውም ጨርቅ ብቻ ነው። ተለጣፊ ፕላስተር በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ አይዝም፤ ሲነሳም ኖራውን ይዞ ስለሚመጣ ከአከራይ ጋር የሚያጣላው ከሚስማሩ ይልቅ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ደሴ በክረምት ብርዱና እርጥበቱ ይበረታል። የግድግዳ ጨርቅ አይሻግትም?

በአግባቡ ካልተሰቀለ ይሻግታል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በበልግ ዝናብ፣ የውጭ ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ የተኛው ሰው ትንፋሽ እዚያ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከሆነ ያ እርጥበት መውጫ ስለሌለው ሻጋታ ያበቅላል። መፍትሔው ጨርቁን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፤ ያ የማይቻል ከሆነ ከላይና ከታች ጠርዙ ላይ ዘንግ ሰፍተው ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ያድርጉ። አልጋውንም ከውጭ ግድግዳ የእጅ መዳፍ ያህል ያርቁት። በክረምት ፀሐይ በወጣች ቁጥር ጨርቁን አውርዶ ማስጣት ልማድ ሊሆን ይገባል።

ለደሴ ብርድ ከሁሉ የሚስማማው ጌጥ በእኛ እምነት ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ነው። ባና አልጋ ላይ ሲነጠፍ ያሞቃል፤ ከአልጋው ሥር ሲዘረጋ ልጁ ጠዋት ሲነሳ እግሩ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አያርፍም። ጥቁርና ነጩ፣ ግራጫውና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም ስለሆነ አይለቅም። ጠርዙን በቀይ ወይም በቢጫ የሱፍ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጎ መዘምዘም ብቻውን የልጅ ያደርገዋል። ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ ላይ ማራገፍ ያስፈልጋል። ልጁ ሳል ወይም አስም የሚያስቸግረው ከሆነ ግን የሱፍ ነገር አቧራ ስለሚይዝ በጥጥ ጋቢ መተካት ይሻላል።

ብርዱን ፈርተው በልጁ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብተው በር መዝጋት ፈጽሞ አይገባም። ከሰል ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ልጅም አይነቃም።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ችግራችን ሙቀትና የወባ ትንኝ ነው። አጎበሩን ማስጌጥ እንችላለን?

አጎበሩን ራሱን አይንኩት። በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ላይ አበባ መስፋት፣ ዶቃ ማያያዝ ወይም ጠርዙን መቁረጥ ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ለትንኝ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃታል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች በአብዛኛው ወባ ስለሚደርስባቸው በኮምቦልቻ አጎበር ከጌጥ ሁሉ ይቀድማል። ለማስዋብ የሚመቸው አጎበሩ ቀን ቀን ተሰብስቦ የሚታሰርበት ማሰሪያ ነው። ስፋቱ ስምንት፣ ርዝመቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጨርቅ ወስደው የልጁን ስም በጥልፍ ክር ይጻፉበት፤ ጫፎቹን በአንድ ትልቅ ቁልፍና በክር ቀለበት ያያይዙ። ልጁ ጠዋት አጎበሩን ሰብስቦ ራሱ ይቆልፋል፤ ማታ ራሱ ይፈታል። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ለአንድ ቀንና ሌሊት በጥላ ሥር ሊናፈስ ይገባዋል፤ ሲታጠብም በረኪና ሳይገባበት በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል።

ለወለሉ ከሱፍ ይልቅ የሰሌን ምንጣፍ ይስማማል። ቀዝቃዛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅም ይወለወላል።

ከአሮጌ ጨርቅ የሚሠራውን ክብ ምንጣፍ እንዴት እንሥራ?

ይህ ሥራ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ ስለሆነ በዝርዝር እንገልጸዋለን። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ምንጣፍ 1.5 ሜትር በ2.2 ሜትር የሆነ አንድ አሮጌ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። አንሶላውን አጥበው ካደረቁ በኋላ በርዝመቱ በኩል አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እየለኩ ይቅደዱት። ጫፉን በመቀስ ከጀመሩለት በኋላ በእጅ ሲቀደድ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 30 ያህል ጥብጣብ፣ በድምሩ 66 ሜትር፣ ያገኛሉ። ጫፍ ለጫፍ ደርበው በመስፋት ሦስት ረጃጅም ጥብጣቦች ያድርጓቸው።

ቀጥሎ ሦስቱን የሴት ልጅ ጸጉር እንደሚጎነጎነው ይጎንጉኑ። ጥብጣቡ ሲጎነጎን ርዝመቱ ይቀንሳል፤ 20 ሜትር ያህል የነበረው ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ጉንጉኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ለተባለው ስፋት የሚያስፈልገውም ይኸው 14 ሜትር ነው። ከመካከል ጀምረው ጉንጉኑን እያዞሩ ጎን ለጎኑን በጠንካራ የጥጥ ክር ድርብ አድርገው ይስፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ነገር አለ፦ ሥራውን ጭን ላይ አድርጎ መስፋት። ምንጣፉ ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ተዘርግቶ ካልተሰፋ አይተኛም። ጠርዙ ወደ ላይ መነሳት ከጀመረ ጉንጉኑን አጥብቀው እየሳቡት ነው ማለት ነው፤ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ አላልተውታል። ሁለቱም የሚታረሙት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ፈትቶ እንደገና በመስፋት ነው፤ ውሎ ሲያድር ይስተካከላል ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ቀለም ለመጨመር ከሦስቱ ጥብጣቦች አንዱን ከልብስ ሰፊ በተገኘ ባለ ቀለም ቁርጥራጭ ይተኩት። በደሴ ፒያሳም ሆነ በየሰፈሩ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከሚጥሉት ቁርጥራጭ በትሕትና ለጠየቃቸው ሰው አይነፍጉም። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ መጎንጎኑን ራሱ ሊሠራ ይችላል፤ ትንሹ ደግሞ ጫፉን ይዞለት ይቀመጣል። ሲጨርሱ ምንጣፉ በሸክላ ንጣፍ ወይም በሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተት አንዱን ጠርዝ በአልጋው እግር ሥር ያስገቡት።

እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ በሰፈራችንም ሸማኔ አለ። ይህን ለልጅ ክፍል እንዴት እንጠቀምበት?

እንዲህ ያለ ዕድል ያለው ቤት ሌላ ጌጥ ባይፈልግም ይሆናል። አያት የፈተሉት ጥጥ ለሸማኔው ተሰጥቶ በልጁ ልክ ትንሽ ጋቢ ሊሠራበት ይችላል፤ ጥለቱንም ልጁ የመረጠው ቀለም ማድረግ ይቻላል። ሸማኔውን ሲያዝዙ የአልጋውን ስፋትና ርዝመት በሜትር ለክተው ይንገሩት፤ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብም ትንሽ ትርፍ ያስቀሩ። ልጁ እድሉ ካለው ሥራው ሲሠራ ሄዶ ቢያይ መልካም ነው፦ ደጋኑ ጥጡን ሲያፍታታ፣ እንዝርቱ ሲሾር፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ያየ ልጅ ጋቢውን መሬት ላይ አይጥለውም።

ከቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ካለ ጥለቱ ብዙውን ጊዜ ከጨርቁ ቆይቶ ነው የሚያረጀው። ጥለቱን ቆርጠው በትራስ ልብስ ጠርዝ ወይም በመጋረጃ ግርጌ ላይ ይስፉት።

ስለ ስፌትም አብረን እናንሳ። የወሎ ሴቶች በአክርማና በስንደዶ የሚሰፉት ሙዳይና እንቅብ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚያምር ብቻ ሳይሆን ክዳን የሌለው ዓይነት ከሆነ የልጁን መጫወቻ ይይዛል። በሰኞ ገበያ ለመግዛት ሲሄዱ ቀለሙን በእርጥብ ጣት ነካ አድርገው ይፈትኑት፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ልጅ አፉ ውስጥ በሚያስገባበት ዕድሜ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም። ስፌት በውሃ አይታጠብም፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

የፊደል ገበታ በጨርቅ መሥራት እንፈልጋለን። 231ዱን ሁሉ መጥለፍ አለብን?

አያስፈልግም። 33ቱን የግዕዝ ፊደላት ብቻ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ መሥራት ለጀማሪ ልጅ ይበቃል፤ ቀሪዎቹን ስድስት እርባታዎች ትምህርት ቤት ይደርስባቸዋል። እያንዳንዱን ፊደል አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ ላይ ከሠሩና በሦስት ረድፍ አሥራ አንድ አሥራ አንድ አድርገው ከደረደሩ ገበታው 110 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ትንሽ አልጋ ርዝመት ስለማይበልጥ ከአልጋው ጎን ልክ ይሰቀላል። ፊደሉን መጀመሪያ በእርሳስ ጽፈው በሰንሰለት ስፌት ይከተሉት። የፊደሉ ቅርጽ በጣት ሲዳሰስ እንዲታወቅ ክሩ ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆች ፊደልን በጣታቸው ተከትለው ሲለዩት በቶሎ ይይዙታል።

ልጆቻቸውን ቁርአን የሚያስቀሩ ቤተሰቦች በተመሳሳይ መንገድ 28ቱን የአረብኛ ፊደላት በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርገው ሊሠሩ ይችላሉ፤ አጀማመሩ ከቀኝ መሆኑን ሲሰፉ እንዳይዘነጉ። ጎረቤታሞች ተሰብስበው የአንዱን ቤት የግዕዝ፣ የሌላውን ቤት የአረብኛ ገበታ በጋራ ቢሰፉ ሥራው ይፈጥናል፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለው መረዳዳት እንግዳ አይደለም።

ልጃችን የሣላቸውን ሥዕሎች የት እናድርጋቸው?

ከአልጋው ግርጌ በልጁ ትከሻ ከፍታ ላይ አንድ ሲባጎ ወጥረው በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉለት። ሥዕሉን የሚሰቅለውም የሚያወርደውም ራሱ ይሁን። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ሲባጎውን ትተው ሥዕሎቹን ካርቶን ላይ ቢለጥፉ ይሻላል። ለእንቁጣጣሽ የሚሣለው የአደይ አበባ ሥዕል ለዘመድ ጎረቤት ሲታደል አንዱ ለራሱ ግድግዳ ይቅር፤ በየዓመቱ አንድ ብቻ ቢቀመጥ በጥቂት ዓመታት የእጁ እድገት ይታያል።

ለማጣበቂያ የዱቄት ሙጫ በቂ ነው። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ካላሹ በኋላ አራት ኩባያ እስኪሞላ ውሃ ጨምረው እሳት ላይ እያማሰሉ ያወፍሩት። ሲበርድ ስስ አድርገው በብሩሽ ይቀቡ። ወፍሮ ከተቀባ ጉንዳንና አይጥ ስለሚጠራ ወረቀትን ከወረቀት ጋር ለማጣበቅ እንጂ ወረቀትን ከግድግዳ ጋር ለማጣበቅ አንመክረውም።

የድሮውን አልጋ ወይም ግድግዳውን ቀለም ልንቀባ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይምረጡ፤ ሲገዙም እርሳስ የተባለው ማዕድን የሌለበት መሆኑን በጣሳው ላይ ያንብቡ። እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። የቆየ የዘይት ቀለም ያለበትን አልጋ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አቧራውን ልጁ እንዲተነፍሰው ስለሚያደርግ እያረጠቡ፣ ከቤት ውጭ፣ ልጁ በሌለበት መሥራት ያስፈልጋል። የተቀባ ክፍል ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ልጅ አይተኛበትም።

የትኞቹ ጌጦች ለሕፃናት አደገኛ ናቸው?

ለሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ሊያልፍ የሚችል ማንኛውም ነገር፦ ዶቃ፣ ጨሌ፣ ዛጎል፣ ቁልፍ፣ የአሻንጉሊት ዐይን። በእነዚህ ምትክ ዐይኑንም አፍንጫውንም በክር ይጥለፉት። ረጅም ክርና ገመድ አልጋ አጠገብ አይንጠልጠል፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ከአልጋው በላይ የሚንጠለጠል መጫወቻ ሕፃኑ በእጁ ተደግፎ መነሳት ሲጀምር፣ ይኸውም በአምስተኛው ወር አካባቢ፣ መውረድ አለበት። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ትራስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊትና ያልተያዘ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አይቀመጥም።

መብራት ሲጠፋ ሻማና ኩራዝ የሚቀመጡበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ፤ ከመጋረጃውና ከአጎበሩ ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት። ቢቻል በሌላ ክፍል። ለልጅ ክፍል የባትሪ ወይም የፀሐይ መብራት ይሻላል።

ወንድና ሴት ልጃችን አንድ ክፍል ይጋራሉ። በማን ምርጫ እናስውበው?

ግድግዳውና ምንጣፉ የጋራ፣ አልጋው የየግል ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የክር ቀለም ሰጥተው ስሙን በትራስ ልብሱ ላይ፣ በኪሱ ላይና በአጎበር ማሰሪያው ላይ በዚያው ቀለም ይጥለፉለት። ቀለሙን ሲመርጡ ታናሽየው ቀድሞ ይምረጥ፤ ታላቅየው ምክንያቱ ከተነገረው ይቀበላል።

ልጃችን የሠራንለትን ነገር ካልወደደውስ?

ያውርዱት። ለተወሰነ ጊዜ በሣጥን አስቀምጠው ከዚያ እንደገና ይጠይቁት፤ የልጅ ምርጫ ይለዋወጣልና ራሱ ፈልጎ ሊያስወጣው ይችላል። አሁንም እምቢ ካለ ጨርቁን ፈትተው ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ያማክሩት፤ የግድግዳ ጨርቅ የትራስ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ደግሞ የደብተር መያዣ ቦርሳ ይሆናል።